ክሩ ራሱን ችሏል፤ ሬዲዮኑን ማን ይቀልበዋል?

አባቴ ሴኮ ፋይቭ ሰዓት ነበረችው። ባትሪ የላትም። ቻርጀር አታውቅም። እጁ ሲወዛወዝ ከጀርባዋ ያለችው ግማሽ ክብ ብረት ትሽከረከራለች፤ ብረቷ ሞላውን ትጠመዝዛለች፤ ሞላው ሰዓቷን ይነዳል። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎት ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ዋለ። ሰዓቷ ኮመዲኖው ላይ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ሲነሳ ቀጥ ብላለች። አንስቶ ሦስት አራቴ ነቀነቃት። ጆሮው ላይ አስጠጋትና «ነቃች» አለ። በቃ።

የኔ ስማርት ሰዓት ማታ ካልተሰካ በማግስቱ ጥቁር መስታወት ነው። እርምጃዬን ይቆጥራል፣ የልብ ምቴን ያያል፣ አልፎ አልፎም «ተነስ፣ ተንቀሳቀስ» ብሎ ይቆጣኛል። መብራት የሄደ ለት ግን ከጎማ አምባር አይሻልም።

ለዚህ ነው «ባትሪ የማይፈልግ ተለጣጭ ሴንሰር ተሠራ» የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ የሚቆመው። ዜናው በየጊዜው ይመጣል። ከደቡብ ኮሪያ፣ ከቻይና፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች። ፎቶውም ይመሳሰላል። ክርን ላይ የተለጠፈ ስስ ሲሊኮን፣ ወይም ሸሚዝ ላይ የተሰፋ ጥቁር ክር፣ ከጎኑ ደግሞ ስክሪን ላይ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር። ከሥሩ፦ «ኃይሉን ከሰውነት እንቅስቃሴ ራሱ ያመነጫል»።

ውሸት አይደለም። ግን የተባለው ስለ ክሩ ነው። እኛ የምንሰማው ስለ ዕቃው ሁሉ እንደተባለ አድርገን ነው። ይህ ጽሑፍ በነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ መለጠጥ ምን ያደርጋል?

ስማርት ሰዓት ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር እጅ መወዛወዙን ያውቃል። ጉልበት ምን ያህል እንደታጠፈ፣ ደረት ምን ያህል እንደሰፋ ግን አያይም። ያንን የሚያውቀው ቆዳ ነው። ጉልበትዎን አጥፈው ከላዩ ያለውን ቆዳ ይዩት፤ በመገጣጠሚያ አካባቢ ቆዳ እስከ 30 በመቶ፣ ከዚያም በላይ ይለጠጣል። የብረት ሽቦ ይህን አይችልም። ከመቶ ጥቂት እጅ ከተሳበ ወይ ይበጠሳል ወይ እንደተሳበ ይቀራል። ስለዚህ እንደ ላስቲክ የሚሳብ፣ ሲለቁት የሚመለስ፣ በዚያ ላይ ምን ያህል እንደተሳበ የሚናገር ነገር ያስፈልጋል። ተለጣጭ ሴንሰር የሚባለው ይህ ነው።

የተለመዱት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ውስጡ የካርቦን ብናኝ ያለበት ላስቲክ ነው። ሲሳብ ብናኞቹ ይራራቃሉ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ለማለፍ ይቸገራል፣ ከችግሩ መጠን መሳቡ ይታወቃል። ሁለተኛው እንደ ሳንድዊች ነው፤ ከላይና ከታች ጅረት የሚያስተላልፍ ሽፋን፣ መሐሉ ሲሊኮን። ሲሳብ መሐሉ ይሳሳል፣ ስፋቱ ይጨምራል፣ የሚይዘው ቻርጅም አብሮ ይጨምራል።

ሁለቱም የሚመልሱት ሲጠየቁ ነው። ጠያቂው ከባትሪ የሚመጣ ጅረት ነው። ጅረት ካልላካችሁበት ላስቲኩ ዝም ብሎ ላስቲክ ነው።

ዜናው ላይ የምናያቸው አዲሶቹ ግን ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ስትስቧቸው ራሳቸው ቮልት ያወጣሉ። ምሥጢሩ ሦስት መንገድ አለው። ሁለቱን ቤታችሁ ውስጥ ታውቋቸዋላችሁ።

ላይተር፣ እስክሪብቶና እንዝርት

የመጀመሪያው የጋዝ ምድጃ መለኮሻ ነው። ያቺ ስትጫኗት «ጧ» ብላ ብልጭ የምትለው። ባትሪ የላትም፣ ድንጋይም የላትም። ውስጧ ያለች ትንሽ ክሪስታል በመዶሻ ስትመታ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ታወጣለች። ዣክና ፒየር ኩሪ የሚባሉት ፈረንሳዊ ወንድማማቾች ይህን ጠባይ በ1880 አሳዩ። ፒዞኤሌክትሪክ ይባላል። ክሪስታል ግን ደረቅ ነው፣ ልብስ አይሆንም። ነገሩን ወደ ልብስ ያቀረበው ሄጂ ካዋይ የተባለ ጃፓናዊ ነው። በ1969 ፒቪዲኤፍ የሚባል ፕላስቲክ ሲሳብና ሲጫኑት ቮልት እንደሚያወጣ አሳየ። ፕላስቲኩ ስስ ነው፣ ይታጠፋል፣ ርካሽም ነው።

ሁለተኛውን ተማሪ ሆኖ ያልሞከረው የለም። ቢክ እስክሪብቶ ፀጉር ላይ አሽቶ የወረቀት ቁራጭ ማንሳት። በበጋ ሹራብ ስታወልቁ ቸር ቸር የሚለውም እሱው ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ አንዱ ከሌላው ቻርጅ ይወስዳል። ግሪኮች በአምበር ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው፤ «ኤሌክትሪክ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው አምበርን ከሚጠሩበት ስም ነው። ይህን ያህል አሮጌ ሆኖ ሳለ የሚሻገረው ኤሌክትሮን ነው፣ አዮን (ቻርጅ ያለው አተም) ነው ወይስ የቁሱ ብናኝ፣ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከሩበታል።

በ2012 አሜሪካ ጆርጂያ ቴክ ውስጥ የዦንግ ሊን ዋንግ ቡድን ይህን የልጆች ጨዋታ የኃይል ምንጭ አድርጎ ብቅ አለ። ትራይቦኤሌክትሪክ ናኖጄኔሬተር አሉት። ሁለት ስስ ሽፋኖች ሲነካኩና ሲለያዩ ከጀርባቸው ባለው ሽቦ ጅረት ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥናት ብዛት ለጉድ ነው። ሲሊኮን በብር ክር ላይ፣ ሲሊኮን በጨዋማ ጄል ላይ፣ ሲሊኮን በፈሳሽ ብረት ላይ። ብዙዎቹ የዚያው ምግብ ልዩ ልዩ ወጥ ናቸው ብል የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ።

ሦስተኛው ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። እሱን ለመረዳት እንዝርት ያስፈልጋል።

ጥጥ ስትፈትል ያያችሁ ታውቃላችሁ። ክሩ በልኩ ከከረረ ቀጥ ይላል። እንዝርቱ ከልክ በላይ ከሾረ ግን ክሩ ሲላላ በራሱ ላይ ይጠቀለላል፣ እንደ ሞላ ይጠማዘዛል። ለፈታይ ይህ ጥፋት ነው፤ ታፍታታዋለች። ዳላስ ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሬይ ባውማን ቡድን ግን ከደቡብ ኮሪያው ሃንያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሆነ ብሎ ያደረገው ይህንኑ ነው። ክሩ የጥጥ ሳይሆን የካርቦን ናኖቲዩብ ነው። ናኖቲዩብ ማለት ከሰው ፀጉር አሥር ሺህ ጊዜ የሚቀጥን የካርቦን ቱቦ ነው። ፈተሉት፣ ከልክ በላይ አከረሩት፣ እንደ ሞላ እስኪጠቀለል ድረስ። ከዚያ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ነከሩት። ስሙን ትዊስትሮን አሉት። በ2017 ወጣ።

እንዴት ይሠራል? ክሩ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ አዮኖች መጥተው ናኖቲዩቦቹ ላይ ይሰፍራሉ። ቻርጅ ተሳፈረ ማለት ነው። አሁን ክሩን ሳቡት። የከረረው ይበልጥ ይከራል፣ ቱቦዎቹ ይጣበቃሉ፣ የመቀመጫው ቦታ ይጠባል። ሚኒባስ ውስጥ ወያላው «ጠጋ ጠጋ» ሲል የሚሆነውን አስቡ። ሰዉ ያው ነው፣ ቦታው ግን አነሰ፤ ግፊያው ጨመረ። በኤሌክትሪክ ቋንቋ ግፊያው ቮልት ነው። ሲለቁት ይላላል፣ ሲስቡት ይጨምራል። በዚህ መሐል ጅረት ይወጣል። ከውጭ ባትሪ አልገባበትም።

ከዝንብ የሚቀልል ክር በተሳበ ቁጥር ትንሽ መብራት አበራ። ሸሚዝ ላይ ሰፍተውት የሰው ትንፋሽ ሲስበው የሚያወጣውን ምልክት መዘገቡ። በ2023 ያው ቡድን ሦስት ክር አንድ ላይ ገምዶ የመሳቡን ጉልበት 17.4 በመቶ ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠ፤ ከዚያ በፊት ምርጥ የነበረው 7.6 ነበር። መግመድም የፈታዮች ሙያ ነው።

ሂሳቡ ሲወራረድ

አሁን ወደ ሬዲዮኑ እንምጣ። ሬዲዮን የምለው ዜና የምንሰማበትን አይደለም። ሴንሰሩ ያየውን ወደ ስልክ የሚልከውን ብሉቱዝ ነው። ከጎኑም ምልክቱን ወደ ቁጥር የሚቀይርና የሚያስብ ትንሽ ቺፕ አለ።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። የድሮው፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚመልሰው ላስቲክ በእርግጥ ስንት ይበላል? ቀላል ሂሳብ ነው። የላስቲኩ መቋቋም 10 ኪሎኦም ይሁን፣ ባትሪው 3 ቮልት። ፍጆታው 0.9 ሚሊዋት ይሆናል። በየሱቁ የምትሸጠው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ ወደ 225 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ማለትም ወደ 2,400 ጁል ትይዛለች። ሌት ተቀን ከበራ ወር ገደማ ታቆያለች።

ግን ማን ነው ሌት ተቀን የሚያበራው? በሰከንድ መቶ ጊዜ ብልጭ አድርገው ይጠይቁት። እያንዳንዱ ብልጭታ የሰከንድ አንድ አሥር ሺኛ ብቻ ይሁን። ፍጆታው ወደ መቶኛው፣ ወደ 9 ማይክሮዋት ይወርዳል። በዚህ ሂሳብ ያቺው ባትሪ ከ8 ዓመት በላይ ሴንሰሩን ታኖራለች። እርጅና ካልቀደማት።

ብሉቱዝ ደግሞ በሚልክባት ቅጽበት ከ10 እስከ 20 ሚሊዋት አካባቢ ይፈልጋል። ቅጽበቷ አጭር ናት፣ እሺ። ቺፑም ሲያስብ የራሱን ይወስዳል። እንዲያም ሆኖ የሚበላው ሬዲዮኑና ቺፑ እንጂ ሴንሰሩ አይደለም። ሴንሰሩን ከባትሪ ነጻ ማውጣት የቤት ወጪ ሲበዛ ጤፉን ትቶ ጨው እንደመቆጠብ ነው።

«ታዲያ ክሩ ኃይል ያመነጭ የለ? ሬዲዮኑንም ያብላ» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ፍጥነት ላይ ነው። ትዊስትሮን በኪሎ 250 ዋት አወጣ ሲባል የጣሪያው ቁጥር ነው፤ የተገኘውም ክሩ በማሽን በሰከንድ እስከ 30 ጊዜ ሲሳብ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በሰከንድ ሲመነዘር ሩብ ትንፋሽ አካባቢ ነው። ከማሽኑ ከመቶ ጊዜ በላይ ይዘገያል። ክሩም የሚመዝነው በሚሊግራም እንጂ በኪሎ አይደለም። ትራይቦኤሌክትሪኮቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መቶና ሁለት መቶ ቮልት ሲያወጡ ስናይ እንደነቃለን፤ ጅረታቸው ግን የማይክሮአምፔር ጭላጭ ነው። የሹራባችን ብልጭታም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አለው። ስልክ ቻርጅ አድርጎ የሚያውቅ ሹራብ ግን አላየሁም።

የፎቶውን ዳር ማየት የለመድኩት ለዚህ ነው። ክሩ ሸሚዙ ላይ ነው። ከክሩ ጫፍ ሁለት ቀጭን ሽቦ ይወጣል። ሽቦውን በዓይናችሁ ከተከተላችሁት ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ኤሌክትሮሜትር የሚባል የላቦራቶሪ ሣጥን ጋ ነው። ሣጥኑ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። ማጭበርበር አይደለም፤ ተመራማሪ ምልክቱን በትክክል መለካት አለበት። ጽሑፉን አንብቦ «ባትሪ አልባ ልብስ መጣ» ብሎ የሚያወራው ሌላው ነው።

ሂሳቡን በሐቅ ያወራረደ ሥራ የለም ማለት ግን አይደለም። የኔ ተወዳጅ አሮጌ ነው። በ1998 የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ሰዎች ስኒከር ሶል ውስጥ ፒዞ አስገቡ። ሰውየው ሲራመድ የተገኘው ኃይል አማካይ ሚሊዋት አካባቢ ነበር። ያችን ትንሽ ኃይል ወዲያው አላጠፏትም። አጠራቀሟት። ጥቂት እርምጃ ከተራመደ በኋላ በቂ ሲሆን ጫማው አንዲት አጭር መለያ ቁጥር በሬዲዮ ይልካል። ከዚያ እንደገና ያጠራቅማል። እንደ ዕቁብ ነው፤ ሁሉም በየተራ ትንሽ ትንሽ ይጥላል፣ ሲሞላ አንዴ ይወጣል። ባትሪ አልነበረውም። ሴንሰሩም፣ ቺፑም፣ ሬዲዮኑም። «በራሱ ኃይል የሚሠራ» የሚለው ቃል የሚገባው ለዚህ ነው።

ብዙ ኃይል ከፈለጋችሁ ደግሞ ዋጋው ክብደት ነው። በ2008 የካናዳው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ማክስ ዶኔላን ከባልደረቦቹ ጋር ጉልበት ላይ የሚታሰር ጄኔሬተር አሳየ። ሁለቱም እግር ላይ ታስሮ ሲራመዱ አማካይ 5 ዋት ይሰጣል። ስልክ ያስነሳል። ግን በእያንዳንዱ እግር 1.6 ኪሎ ተሸክማችሁ ነው።

በመሐል ሌላ ብልህ መንገድ አለ፣ ብዙም አይወራለትም። ባትሪውን አታስወጡት፤ አስተኙት። ሴንሰሩ የራሱን ቮልት ስለሚያወጣ እንደ ደወል ሊያገለግል ይችላል። ቺፑ ተኝቷል፣ ምንም አይበላም ማለት ይቻላል። ክሩ ሲሳብ የሚያወጣው ቮልት ያነቃዋል። ሠርቶ ይተኛል። ክሩ ቤቱን አይቀልብም፣ በር ያንኳኳል እንጂ። እኔ ገንዘብ ቢኖረኝ የማስቀምጠው እዚህ ላይ ነበር።

መቁጠር ሌላ፣ መለካት ሌላ

ከኃይሉ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ችግር አለ። የሴንሰሩ ምግብና ወሬው አንድ መሆኑ ነው። ያወጣው ቮልት ኃይሉም ነው፣ መልእክቱም ነው። እንግዲህ ቮልቱ ቢደክም ምን እንበል? ሰውየው አጭር ስለተነፈሰ ነው? ወይስ ላብ ስላራሰው?

ትራይቦኤሌክትሪክ እርጥበት አይወድም። ሹራባችን ቸር ቸር የሚለው በደረቁ ወር ነው እንጂ በሐምሌ አይደለም፤ እርጥብ አየር ቻርጁን ያፈሰዋል። ሰው ሲሮጥ ብብቱ ሥር ሐምሌ ነው። ሴንሰሩ በጣም የሚፈለገው ስፖርት ላይ፣ በጣም የሚታመመውም እዚያው። በሲሊኮን መሸፈን ይረዳል። ሲሊኮኑ ሲወፍር ግን አየር ስለማያሳልፍ ከሥሩ ያለው ቆዳ ያልበዋል። ጉድ እኮ ነው።

ሌላም አለ። ፒዞም ትራይቦም የሚናገሩት ለውጥ ሲኖር ነው። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አሥር ደቂቃ ብትቀመጡ በመታጠፉ ቅጽበት ይጮኻሉ፣ ከዚያ ቻርጁ ቀስ በቀስ ይፈስና ዜሮ ይላሉ። ታጥፎ የተቀመጠ ጉልበትና ቀጥ ያለ ጉልበት ለነሱ አንድ ነው። ስለዚህ «አቀማመጥዎን ያስተካክላል» ተብሎ ለጀርባ ሕመም የሚሸጥ ባትሪ አልባ ቲሸርት ብታዩ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። ጎብጦ ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው እንዲህ ያለ ሴንሰር ብቻውን አያየውም።

የሚሆንለት ምንድነው? መቁጠር። ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። ላብ ምልክቱን በግማሽ ቢቀንሰው እንኳ ጉብታው እስከታየ ድረስ ቁጥሩ አይለወጥም። በደቂቃ 18 ያው 18 ነው።

ይህ የኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። የእንቅልፍ ሕክምና ክፍሎች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበት የፒዞ ቀበቶ አለ። ደረትና ሆድ ላይ ይታሰራል፣ ሲተነፍሱ ይሳባል፣ ራሱ ቮልት ያወጣል። ስለ ተለባሽ ቴክኖሎጂ ማውራት ሳይጀመር የነበረ፣ በራሱ ኃይል የሚሠራ ተለጣጭ ሴንሰር ማለት ነው። ዜና የማይሆነው አሮጌ ስለሆነ ነው። ባለሙያዎቹ ጠባዩን ያውቁታል። የተኛው ሰው መተንፈስ አለመተንፈሱን ይነግራቸዋል፤ ምን ያህል አየር እንደገባ ግን አያምኑትም። ለዚያ ሌላ ቀበቶ አላቸው፤ ውስጡ ሽቦ በተጠማዘዘ መስመር የተሰፋበት፣ ጅረት የሚላክበት። ሳይጠየቅ የሚናገረው ለቆጠራ፣ ተጠይቆ የሚመልሰው ለልኬት።

ፋብሪካው ምን ይላል?

ስለ ፋብሪካ ባጭሩ። ጃፓናዊው የልብስ ሻጭ ዞዞ በ2017 መጨረሻ ሰውነት የሚለካ ጥቁር ልብስ አስተዋወቀ። ልብሱ ከኒው ዚላንዱ ስትሬችሴንስ በመጡ ተለጣጭ ሴንሰሮች የተሞላ ነበር፣ ሳንድዊች ከሚመስሉት ዓይነት። በ2018 ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሴንሰሩ ሁሉ ወጣ። በምትኩ ነጭ ነጠብጣብ የታተመበት ተራ ልብስና የስልክ ካሜራ ሆነ። ተለጣጭ ሴንሰርን አንድ መሥራትና በብዙ ሺህ መሥራት አንድ አይደለም፤ ያውም ያ ባትሪ የነበረው፣ የበሰለው ዓይነት ነበር። አዲሶቹ ገና ሃምሳ ጊዜ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብተው መውጣት አለባቸው። ናኖቲዩብ ደግሞ ውድ ነው። የትዊስትሮን ሸሚዝ ጨዋማ ፈሳሹን ይዞ መኖር አለበት፤ ይህንንም ያሰበ ራሱ ልብሱን ይጠበው።

ባትሪን የመሸሹ ምክንያት ግን እየበረታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ ከፌብሩዋሪ 18፣ 2027 ጀምሮ በየዕቃው ውስጥ ያሉ ትናንሽ ባትሪዎችን ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ መቀየር የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለአንዳንድ ዕቃዎች ልዩ ፈቃድ ቢኖርም። ልብስ ላይ ይህን ማድረግ ፈተና ነው። ሕፃናት ደግሞ ሌላ ነገር ናቸው። ያቺ የሳንቲም ባትሪ ልጅ ውጧት ጉሮሮው ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። የሕፃን ልብስ ላይ ባትሪ ባይኖር ማን ይጠላል?

አንድ ደቂቃ

ሕፃን ካነሳን አይቀር፣ ለዚህ ነገር ከሩጫ ቲሸርት የሚበልጥ ሥራ አለ። የሳንባ ምች።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቀላል ነው። የሚያስል ወይም መተንፈስ ያስቸገረው ልጅ ሲመጣ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ2 እስከ 12 ወር ከሆነ 50። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት 40። ራጅ በሌለበት፣ ዶክተር በሌለበት፣ መድኃኒት ይሰጥ አይሰጥ የሚለው አንድ ትልቅ ፍንጭ ይህ ቁጥር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን የሚቆጥሩት በአብዛኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ በ2003 ተጀመረ፤ ሠራተኞቹ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው፤ ከ2010 በኋላ ደግሞ የሳንባ ምችን በቀበሌ ደረጃ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። አስቡት። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ነው። ልብሱ ተገልጧል። ሠራተኛዋ አንድ ዓይኗ የልጁ ሆድ ላይ፣ ሌላው ሰዓቱ ላይ ነው። 37፣ 38፣ ልጁ ዞረ። ከበር ሌላ እናት «እህት፣ ቆየን እኮ» ትላለች። 38 ነበር ወይስ 39? 48ና 52 በዓይን አይለያዩም፣ ውሳኔው ግን ይለያያል።

ይህን ለማቅለል መሣሪያ ተሞክሯል። ፊሊፕስ ቻርም የሚባል፣ የሕፃን ሆድ ላይ በቀበቶ የሚታሰር ቆጣሪ ሠርቷል፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ከጤና ሠራተኞች ጋር ተፈትኗል። የሚሠራው በመለጠጥ አይደለም። ስልካችን ውስጥ እንዳለው ዓይነት የእንቅስቃሴ ሴንሰር አለው፣ ባትሪም አለው። ተለጣጭ ክር እዚህ ቢገባ የሚያምርበት ለዚህ ነው፦ የሚፈለገው መቁጠር እንጂ መለካት አይደለም። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ልጁ አይሮጥም። ብሉቱዝም አያስፈልግም፤ ውጤቱን የምታየው እዚያው ያለችው ሠራተኛ ናት። ያ ሁሉ የሚበላ ሬዲዮን ከሂሳቡ ወጣ ማለት ነው። የሚቀረው ቆጣሪ ቺፕና ሁለት አሃዝ የምታሳይ ትንሽ ስክሪን ነው። ያንን ከሕፃን ትንፋሽ ብቻ መቀለብ ይከብዳል። እንደ ላይተሯ ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን ተደርጎ ኃይሉን የሚያጠራቅም ቁልፍ ቢጨመርበት ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ሩቅ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ዕቃ ገበያ ላይ አላየሁም። ከሩጫ ቲሸርቱ ይልቅ እሱን ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ክሩም፣ ቻርምም፣ በእጅ የሚያዘው ሰዓትም እኩል አይችሉትም። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ አይቆጠርም። መመሪያውም ልጁ ረጋ ማለት አለበት ይላል። ልጁ ቢያለቅስም ክሩ ይሳባል፣ ጉብታውም ይወጣል፣ ቁጥሩም ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን የሳንባ ሳይሆን የቁጣ ነው። ስለዚህ ቀበቶው ይፈታል፣ እናት ታዝለዋለች፣ እሹሩሩ ትለዋለች፣ እስኪረጋ ይጠበቃል። ከዚያ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።